ሳልቆም «ቆሜአለሁ» ያልኩ ዕለት

ሥራህ ምን ነበር ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ መቆም። ይስቃሉ። «ዘበኛ ነበርክ?» ይሉኛል። አይደለም፤ ትከሻዬ ላይ ሰው ይቆማል፣ በዚያ ሰው ትከሻ ላይ ሌላ ሰው ይቆማል፣ እኔ ከሁሉም ሥር ነበርኩ። ሰርከስ ሲባል የሚታየው ላይኛው ነው። አንድ ጊዜ ጊንጪ ላይ አንዲት ባልቴት ትርኢቱ ሲያልቅ መጥተው ልጆቹን አንድ በአንድ ስመው እኔ ጋ ሲደርሱ፣ «አንተ ደግሞ ዕቃ ጠባቂያቸው ነህ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? አዎ፣ ዕቃ ጠባቂ ነኝ አልኳቸው።

ባለፈው ዓመት ጉልበቴ በቃኝ አለ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶዬን እያየ፣ «ምን ስትሸከም ኖርክ?» ሲለኝ፣ «ሰው» አልኩት፤ የቀለድኩበት መሰለው። እሠራበት የነበረው የወጣት ማዕከል አንድ ጋቢና አንድ የምስክር ወረቀት ሰጥቶ አሰናበተኝ። ጋቢውን ለብሼዋለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን «ለረጅም ዘመን በታማኝነት ላገለገሉ» የሚል አለበትና ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩትም። ሸነን የምትባል ከተማ ላይ አንድ ቃል ዋሽቼ አንዲት ልጅ ዕድሜዋን በሙሉ ጥፋቱ የእኔ ነው እያለች እንድትኖር አድርጌአለሁ። ይህን የምጽፈው እሱን ለመናገር ነው፤ ሌላው ግን፣ ትዝታ መንገድ ስለሆነ፣ አብሮ ይመጣል።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ አምቦ ወፍጮ ቤት ኩንታል ተሸካሚ ነበርኩ። ሠላሳ ሊሞላኝ ነበር። አንድ ቀጭን፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ በር ላይ ተደግፎ ሦስት ቀን ሲያየኝ ከረመ። እህል አላስፈጨ፣ ሥራ አልጠየቀ። በሦስተኛው ቀን ጠራኝና፣ «ኩንታሉ ጀርባህ ላይ ሲያርፍ ትንፋሽህን ታስገባለህ ወይስ ታስወጣለህ?» አለኝ።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ነገ ንገረኝ» ብሎ ሄደ።

በማግሥቱ ራሴን ስከታተል ዋልኩ። አስወጣለሁ። ስነግረው፣ «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው» አለኝ። «ያላስተማሩህን ታውቃለህ። ሥራ ስትጨርስ ኳስ ሜዳው ና።»

ኦቦ ቶለራን ያወቅኩት እንዲህ ነው። በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ለሰልፍና ለበዓል የሚሆን የስፖርት ትርኢት ያሠለጥን ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በለመነው መኪና አገሩ ገባ። በዚያ ዘመን በየከተማው ልጆች የሚገለባበጡበት ሰርከስ የሚባል ነገር ተጀምሮ ነበርና እሱም አምቦ ላይ ሰበሰበን። ሰው አዲስ ነገር መጣ ሲል ኦቦ ቶለራ ይስቃል። እሱ ልጅ ሳለ ጉደር ገበያ ደረቱ ላይ የወፍጮ ድንጋይ አስቀምጦ በመዶሻ የሚያስፈልጥ ጉልበተኛ ይመጣ ነበር አሉ። ጦጣ የሚያስጨፍርም ነበር፤ ገመድ ላይ የሚሄድም ነበር። ከገበያ ገበያ እየዞሩ ሰው ሲሰበሰብ ያሳያሉ፣ ሰው ሲበተን ይሄዳሉ። «ሰርከስ ድሮም ነበረን» ይለን ነበር፤ «ስም ነው ያልነበረው።» ያ ጉልበተኛ የት እንደ ደረሰ ስንጠይቀው ግን፣ «አንድ ገበያ ላይ ቀረ» ብሎ ወሬውን ይቀይራል። ድንጋዩ እንደ ገደለው ያኔ አልገባኝም ነበር።

እኛም ዞርን። አይሱዙ ላይ ፍራሹን፣ ከበሮውንና ልጆቹን ጭነን አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶ። ክፍያው የትራንስፖርትና የሻይ ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ የሚነገር የለም። ለልጆቹ ቱታ፣ ለእኛ ጫማ የሚሰጥ አንድ የእርዳታ ድርጅት ነበረ፤ እኛም በየትርኢቱ መካከል ስለ ጤና የምንሠራት ጨዋታ ነበረችን። ሕዝቡ ጨዋታዋን በትዕግሥት አይቶ የሚጠብቀው ግን ግንቡን ነበር። ግንብ የምንለው በአራት ሰው የሚቆመውን ነው። እኔ ከታች፣ በላዬ አንድ ጎልማሳ፣ በእሱ ላይ አንድ ቀለል ያለ ልጅ፣ ከሁሉ ላይ አያንቱ የምትባል ትንሽ ልጅ።

ከታች መቆም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። እግር በትከሻ ልክ ይከፈታል፣ አውራ ጣቶች ትንሽ ወደ ውስጥ ያያሉ። ጉልበት አይገተርም፤ የተገተረ ጉልበት ይሰበራል። የላይኛውን ሰው የሚይዙት ቁርጭምጭሚቱን ሳይሆን ባቱን ነው፣ እሱንም ወደ ራስ ጀርባ ሳብ አድርጎ። ዓይን አንድ ነገር ላይ ይተከላል፤ እኔ ሁልጊዜ ዛፍ እፈልግ ነበር። ሰው ላይ ካየህ ሰውየው ሲንቀሳቀስ አብረኸው ትንቀሳቀሳለህ። «ከሥር አንድ ጣት ያዘመመ ላይ ሲደርስ አንድ ክንድ ነው» ይል ነበር ኦቦ ቶለራ፤ ይቺን ስንት ጊዜ እንደ ሰማኋት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ሁለት ልማድ ነበረው፤ ሁለቱንም አይለቅም። አንደኛው መሬቱ ነው። ፍራሽ ከመነጠፉ በፊት ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ይዞረዋል፣ ሦስት ቦታ በተረከዙ ይረግጠዋል፣ ከዚያ በጣሳ ውሃ ያፈስበታል። ውሃው ወዲያው ከጠፋ ሥሩ ተሰንጥቋል፤ ተንጣሎ ከቀረ ሥሩ ጠግቧል፤ ቀስ ብሎ ከሰረገ እዚያ ላይ እንቆማለን። የእኛ አገር መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ላዩ ደርቆ ውስጡ ጭቃ እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። የየከተማው ሹማምንት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ እሱ ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃ ሲያፈስ ስንት ጊዜ አፍረንበታል!

ሁለተኛው ቃሉ ነው። በላዬ ያሉት ሁለቱ ቦታቸውን ሲይዙ ከበሮው ዝግ ይላል። እኔ ጮክ ብዬ «ቆሜአለሁ» እላለሁ። ከእኔ በላይ ያለው ይቀበልና «ቆሜአለሁ» ይላል፤ ሦስተኛውም። ቃሉ ከታች ተነስቶ ላይ ሳይደርስ አያንቱ አትወጣም። እኔ ዝም ካልኩ ሁሉም ይወርዳል። «ዝም ካልክ እንወርዳለን፣ ማንም አይቆጣህም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ አይቆጣም ነበር። ነገር ግን ገበያ ሙሉ ሕዝብ አፉን ከፍቶ ሲያይህ ዝም ማለትን የሚያህል ከባድ ነገር የለም። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ዝም ብዬ አላውቅም ነበር፣ በዚያም ኮርቼ ነበር።

አያንቱ ያኔ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ፣ የቸርች ሰዎች ናቸው፤ እሁድ ጠዋት መዝሙር፣ ከሰዓት ልምምድ። ትከሻዬ ላይ ስትረግጥ ወፍ ያረፈች ይመስለኝ ነበር። ከላይ ሆና፣ «ጋሼ ግርማ፣ ራስህ መሃሉ መመለጥ ጀምሯል» ትለኛለች። እንዲህ ያለች ልጅ ነበረች።

ሸነን የሄድን ዕለት ኦቦ ቶለራ ሆዱን ታሞ ቀረ። መኪናው ሲነሳ ጣሳውን በመስኮት አቀበለኝ። «መሬቱን ተመልከት» አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለኝም። መንገድ ላይ ጭቃ ይዞን ዘግይተን ስንደርስ እንግዶቹ ተቀምጠዋል። ከእነሱ መካከል ድርጅቱ የላከው ሰውዬ ነበረ፤ የእኛን ቡድን ይቀጥል አይቀጥል ብሎ የሚወስነው እሱ ነው። ሕዝቡ ከገበያው ተገልብጦ መጥቷል። በዋዜማው ዝናብ ነበር፣ የዕለቱ ፀሐይ ላዩን አድርቆታል። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት የተሰጠኝን አዲስ ነጭ ጫማ አድርጌአለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጫማ አውልቄ፣ ሱሪ ጠቅልዬ፣ በጣሳ ውሃ ላፍስ? አፈርኩ። በጫማዬ አንድ ጊዜ ረገጥ አድርጌው፣ «ጋሪዳ!» አልኩ፣ ልክ እንደ እሱ። ጣሳው መኪናው ውስጥ ቀረ።

ግንቡ ላይ ደረስን። ሁለተኛው ወጣ፣ ሦስተኛው ወጣ። ሦስተኛው ቦታውን ሲይዝ ግራ ተረከዜ ሥር መሬቱ ዝቅ ሲል ተሰማኝ። ጥቂት ነው፣ የጥፍር ያህል። ከበሮው ዝግ አለ። አያንቱ ከጀርባዬ እጇን አዘጋጅታ ቆማለች። ዛፌን አየሁት፤ ዛፉ ዘመም ብሏል። አውቄአለሁ። አላወቅኩም ብዬ ራሴን ማሞኘት እችል ነበር፣ ብዙ ዓመትም ሞክሬዋለሁ፤ ግን አውቄአለሁ። ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀመረ። «ቆሜአለሁ!» አልኩ። ከላይ «ቆሜአለሁ» አለ። ከዚያ በላይም «ቆሜአለሁ» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ቃሌ ከእኔ በላይ እየወጣ ሲሄድ ሰማሁት።

ላይ ደርሳ እጆቿን ስትዘረጋ ተረከዜ አንድ ጣት ገባ። ልጆቹ ለመቀበል የቆሙት በቀኝ ነው፤ እሷ በግራ ወደቀች። ድምፁን አልጽፈውም።

ክርኗ ነው የተሰበረው። ጤና ጣቢያ አስረውላት በዚያው አይሱዙ ወደ አምቦ መለስናት። ራሷ ጭኔ ላይ ነበር። አላለቀሰችም። የጅባትን ደን ስናልፍ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ጋሼ ግርማ፣ ቃሉን ሳልሰማ ወጣሁ እንዴ?» አለችኝ። «ቸኮልኩ መሰለኝ።»

እዚያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተጻፈ። «አይዞሽ» አልኳት። አንድ ጊዜ የዋሸሁት ገበያ ፊት ደንግጬ ነው፤ ለዚያ ራሴን ይቅር ልል እችላለሁ። መኪናው ላይ ያለው ግን ድንጋጤ አልነበረም።

በማግሥቱ ኦቦ ቶለራ ሆዱን እንደ ያዘ ቤቴ መጣ። ወንበር ስሰጠው አልተቀመጠም።

«ቆመህ ነበር?» አለኝ።

«ቆሜ ነበር።»

በሩ ሥር ያወለቅኩት ጫማ ነበረ። ጎንበስ ብሎ ግራውን አነሳ። ጥቁር ጭቃ እስከ ክሩ ድረስ ይዞታል። ቀኙን አነሳ፤ ነጭ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ መልሶ አስቀመጣቸው። «ጫማህን እጠብ» ብሎኝ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ሸነን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሞትም ሳያነሳው ነው። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር። እኔ እንድናገር ነበር የሚጠብቀኝ። እስከ መጨረሻው ጠበቀኝ።

ቡድኑ ብዙ አልቆየም። ድርጅቱ ሄደ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርትም ወደ ዓረብ አገርም ተበተኑ፣ ከበሮውና ፍራሾቹ የወጣት ማዕከሉ መጋዘን ገቡ። እኔም እዚያው ማዕከል ንብረት ክፍል ተቀጠርኩ፤ ኳስ አወጣለሁ፣ ኳስ አስገባለሁ። አለቆቼ ብዙ ነበሩ፣ ቶሎ ቶሎም ይቀየሩ ነበር። አንዱ ፍራሾቹ ይወገዱ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ የሚቀጥለው ለምን ተወገዱ ብሎ ጻፈ። ደግነቱ አላስወገድኳቸውም ነበር።

ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን የንብረት ክፍሉ መስኮት ላይ አንዲት ወጣት መምህርት ቆመች። ግራ እጇ ከክርኑ አይዘረጋም። «ጋሼ ግርማ፣ ራስህ ሙሉ በሙሉ ተመልጧል» አለችኝ። አያንቱ የስፖርት መምህርት ሆና ተመልሳ ነው። በየትምህርት ቤቱ የሚገለባበጡ ልጆች አይታለች፤ ሰርከሱን እናስነሳው አለች። እኔ ደግሞ ከታች የሚቆሙትን እንዳሠለጥን ፈለገችኝ። ምን ብዬ እምቢ ልበል? ፍራሾቹን አወጣኋቸው።

ስድስት ዓመት አብረን ሠራን። ጥሩ ዓመታት ነበሩ፣ አልክድም። ወንጪ ሐይቁ ዳር ለእንግዶች አሳይተናል፤ አዲስ ዓለም ማርያም ዕለት ሕዝቡ አላስወጣም ብሎናል። ልጆቹ ከእኛ ዘመን የተሻሉ ናቸው፤ በቪዲዮ የዓለሙን ሁሉ እያዩ ይማራሉ። ግን በየዓመቱ አዲስ ልጆች ሲገቡ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ አያንቱ እጅጌዋን ሰብስባ ያን ክርን ታሳያቸዋለች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትላቸዋለች። «ጋሼ ግርማ እንደ ዋርካ ቆሞ ነበር። ቃሉ ሳይደርሰኝ የወጣሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ቡድኑን በሙሉ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። እናንተ ቃሉን ሳትሰሙ እንዳትወጡ።» ልጆቹ ወደ እኔ ዞረው ያዩኛል፣ በአክብሮት። ስድስት ዓመት፣ ስድስት ጊዜ ተቀምጬ ሰማኋት። በየዓመቱ ዘንድሮ እነግራታለሁ እላለሁ። ደክሞኝ ነበር። ከጉልበቴ ይልቅ ያ ነው ያደከመኝ።

የስንብቴ ቀን ልጆቹ ዳቦ ገዙ፣ አምቦ ውሃ ተከፈተ፣ ኃላፊው ያንን ወረቀት አነበበ። ከዚያ አያንቱ ተነሳች፤ እጅጌዋን መሰብሰብ ስትጀምር ወዴት እንደምትሄድ አወቅሁ።

«ተዪው» አልኳት።

«ምኑን?»

«አልቸኮልሽም። ቃሉ ደርሶሻል። ሳልቆም ነው ቆሜአለሁ ያልኩት። መሬቱ ከሥሬ ሲሄድ አውቄ ነበር። መሬቱንም አላየሁትም፤ ጫማዬ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው።»

አያንቱ እጅጌዋን ቀስ ብላ መለሰችው።

«መኪናው ላይ ጠይቄህ ነበር» አለች።

«ጠይቀሽኛል።»

«አይዞሽ አልከኝ።»

«አዎ።»

«አባቴ ያኔ ምን ብሎ ከሰርከስ እንዳስወጣኝ ታውቃለህ? ለሌላው የማታስብ ልጅ አይደለችም ወይ ቡድኑን የበተነችው ብሎ ነው። አሁንም እንደዚያ ነው የሚያስበው። እኔም እስካሁን እንደዚያ ነው ሳስብ የኖርኩት።» ቦርሳዋን አነሳችና ሄደች። ዳቦው ሳይቆረስ ቀረ።

አንድ ወር ገደማ አላየኋትም። መንገድ ላይ ልጆቹ ሲያዩኝ ሰላም ይሉኛል፣ ግን አይቆሙም። አልፈረድኩባቸውም።

ከዚያ አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳች። አልገባችም። «ቅዳሜ ጉደር ገበያ እናሳያለን። ይምጡ» አለችኝ። ድሮ አንተ ትለኝ ነበር፤ አሁን አንቱ ሆኛለሁ። ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩት።

ጉደር ሄድኩ። ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከታች የሚቆመው እኔ ያሠለጠንኩት ደቻሳ የሚባል ወጣት ነው፤ ሰፊ ትከሻ፣ ዝግ ያለ ጠባይ። ሁለተኛው ወጣ፣ ሦስተኛዋ ወጣች። ከበሮው ዝግ አለ። ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀመረ። የደቻሳን ጉልበት አየሁት፤ እኔ የማውቀው ነገር ነበረበት።

«አልቆምኩም!» ብሎ ጮኸ ደቻሳ።

እንዲህ ያለ ቃል አልነበረንም፤ በዚያ አንድ ወር አያንቱ ጨምራው መሆን አለበት። ኦቦ ቶለራ የሰጠን አንድ ቃልና አንድ ዝምታ ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛዋ ተቀብለው «አልቆምኩም» አሉ፣ ከፍራሹ ዳር የምትጠብቀው ትንሿ ልጅ «አልወጣም» አለች፤ ከላይ ወደ ታች በተራ በተራ ወረዱ። ሕዝቡ ሳቀ፣ አንዳንዱ አፏጨ። አንድ የሰከረ፣ «ፈሪዎች!» አለ። ደቻሳ ፊቱ ቀልቶ ተረከዙ ሥር ያለውን ጉድጓድ እያሳየ ቆመ። ያኔ አያንቱ ከከበሮው ጎን ተነስታ መሃል ገባችና በዚያ በማይዘረጋ እጇ ማጨብጨብ ጀመረች፣ ብቻዋን። ልጆቹ ተከተሏት። ቆይቶ ሕዝቡም፣ ምን እንደሚያጨበጭብ ሳያውቅ፣ ተከተለ። ፍራሹን ዐሥር እርምጃ ወደ መንገዱ ዳር ወሰዱት፣ እንደገና ወጡ፣ «ቆሜአለሁ» እስከ ላይ ደረሰ፣ ትንሿ ልጅ እጆቿን ዘረጋች። እኔ ግን ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ በደንብ አላየኋትም።

ሕዝቡ ሲበተን አያንቱ ወደ እኔ መጣች።

«ያን ቀን ይህ ቃል ቢኖር ኖሮ ይሉት ነበር?» አለችኝ።

አዎ ልላት ፈልጌ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ጣሳ አወጣች፤ የኦቦ ቶለራ ጣሳ ነው፣ መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጦ የኖረው። «የሚቀጥለው ሳምንት ሸነን ነን» አለችኝ። «ልጆቹ መሬት ማየት አልለመዱም፤ ዛሬም እንዳዩት ነው። መውጣት እንጂ መሬት መርገጥ ያሳየን ሰው የለም ይላሉ።»

ጉልበቴ እስከ ሸነን ያለውን መንገድ አይችልም። ሐኪሙም ከልክሎኛል። ጣሳውን ተቀበልኳትና፣ እመጣለሁ፣ ጫማ አላደርግም አልኳት።